ከጾም ወደ ፍስክ፤ ስለ ሆድ ጤናና ስለ ሰውነት ብርታት

የሰው ሰውነት ያለ ምግብ ሊሠራ እንደማይችል ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ነገር ግን የተበላው ሁሉ ኃይል አይሆንም። ኃይል የሚሆነው ጨጓራና አንጀት አልመው ወደ ደም ያሳለፉት ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ሰውነት ብርታት የሚነገረው ነገር ስለ ሆድ ጤና ከሚነገረው ተለይቶ ሊታይ አይችልም። ሆዱ የታወከበት ሰው ማዕዱ ቢሞላም ይደክማል፤ ሆዱ የሰላ ሰው ግን በጥቂት ሽሮና በጥቂት ጎመን ቀኑን ሙሉ ሲሠራ ይውላል።

በአገራችን ደግሞ ሆድ የራሱ የዘመን አቈጣጠር አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የሚኖረው ወገናችን የዐቢይ ጾምን 55 ቀን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይቀምስ ያሳልፋል፤ ብዙውም እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ድረስ እህል ውኃ በአፉ አይገባም። ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያት፣ ሐዋርያት፣ ፍልሰታና ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ የጾሙ ቀን ከዓመቱ ግማሽ ያህል ይደርሳል። ከዚያም በአንዲት ሌሊት፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ሁሉ ነገር ይለወጣል፤ ለ55 ቀን ያረፈው ሆድ ቅቤውን፣ ዶሮውን፣ ቁርጡንና ጠጁን በአንድነት ይቀበላል። በበዓሉ ማግስት የሆድ ቁርጠት፣ ማስመለስና ተቅማጥ ይከተላሉ፤ ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ደግሞ የኮሶ ትል ይመጣል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ሕዝቡ የአባቶቹን ምግብ እንዲተው ለመምከር አይደለም። ከአባቶች የመጣው ሁሉ መልካም ነው ለማለትም አይደለም። የሚጠቅመውን በምክንያቱ ለማስረዳት፣ የሚጎዳውንም ከነጉዳቱ ለይቶ ለማሳየት ነው።

1ኛ፤ ምግብ በሆድ ውስጥ የሚያደርገው ጉዞ

የምግብ ጉዞ የሚጀምረው ከአፍ ነው። ጥርስ ያደቅቀዋል፤ ምራቅም በእህሉ ውስጥ ያለውን ስታርች ወደ ስኳር መለወጥ ይጀምራል። አንድ ቁራሽ ዳቦ ሳይዋጥ ብዙ ጊዜ ቢታኘክ ጣዕሙ ወደ ጣፋጭነት የሚለወጠው ስለዚህ ነው። ከዚያ ምግቡ ወደ ጨጓራ ይወርዳል። ጨጓራ የሚያመነጨው አሲድ ሥጋውንና ጥራጥሬውን ያላላል፤ ከምግቡ ጋር ከገባው ጀርምም ብዙውን ይገድላል።

ዋናው ሥራ የሚፈጸመው ግን 6 ሜትር ያህል በሚረዝመው በቀጭኑ አንጀት ውስጥ ነው። እዚያ ጉበት ያዘጋጀው ሐሞት ቅባቱን ይበትነዋል፤ የቆሽት ፈሳሽም የቀረውን ይፈጨዋል፤ የደቀቀውም ምግብ በአንጀቱ ግድግዳ በኩል ወደ ደም ይገባል። ሳይፈጭ የቀረው ወደ ትልቁ አንጀት ያልፋል። ይህ አንጀት 1 ሜትር ተኩል ያህል ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ውኃውን መጥጦ የቀረውን ለመውጣት ያዘጋጀዋል።

በዚህ ጉዞ ውስጥ ሁለት ነገሮችን መለየት ያሻል። አንደኛው ኃይል የሚሰጠው ነው፤ 1 ግራም ስታርች ወይም ስኳር 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ፕሮቲን እንዲሁ 4 ካሎሪ፣ 1 ግራም ቅባት ግን 9 ካሎሪ ይሰጣል። ሁለተኛው አሰር ነው፤ ይኸውም የእህሉ ገለባና የአትክልቱ ጭረት ማለት ነው። አሰር ራሱ የሚሰጠው ኃይል እጅግ ጥቂት ነው። ነገር ግን ውኃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል፤ የስኳርን ወደ ደም መግባት ያዘገያል፤ በትልቁ አንጀት ለሚኖሩት ጠቃሚ ደቂቅ ሕዋሳትም ቀለባቸው ነው። ብርታትን የሚፈልግ ሰው ካሎሪን ብቻ ቈጥሮ አሰርን ቢንቅ፣ ሆዱ ደርቆ፣ መንፈሱም ከብዶ ይኖራል።

2ኛ፤ ስለ ጤፍ እንጀራና ስለ እርሾው

የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኗ ገለባዋን ከፍሬዋ ለይቶ መፍጨት አይቻልም። ስለዚህ የጤፍ ዱቄት ምን ጊዜም ከነሙሉ አሰሩ ነው። ከስንዴ ገለባው ተለይቶ የሚፈጨው ነጭ የፉርኖ ዱቄት ግን አሰሩንና ከቪታሚኑ ብዙውን ክፍል ያጣል። ነጭ ዳቦን የሥልጣኔ ምልክት አድርጎ ጥቁር እንጀራን የሚንቅ ሰው በሆዱ ላይ እንደሚፈርድ ይወቀው።

የእንጀራ ትልቁ ጥበብ ግን በእርሾው ላይ ነው። ዱቄቱ በውኃ ተቦክቶ፣ ከቀድሞው ሊጥ ላይ የተቀዳው ቢጫ እርሾ ሲጨመርበት፣ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎችና ፈንገሶች ስኳሩን እየበሉ አሲድና አየር ያወጣሉ። አየሩ የእንጀራውን ዓይን ያወጣል፤ አሲዱም ያኰመጥጠዋል፤ ብዙ መጥፎ ጀርሞችም በሊጡ ውስጥ እንዳይራቡ ይከለክላል። ከሊጡ ጥቂቱ ተነሥቶ፣ በፈላ ውኃ በስሎ አብሲት ሆኖ ሲመለስበት ደግሞ ስታርቹ በከፊል ስለ በሰለ ለማቡካቱ ሥራ ይመቻል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጥቅም በዓይን አይታይም። በእህልና በጥራጥሬ ውስጥ ፊቲክ አሲድ የሚባል ነገር አለ። ይህ ብረትንና ዚንክን አስሮ ስለሚይዝ በምግቡ ውስጥ ያለው ማዕድን ከሰውነት ሳይዋሐድ ተመልሶ እንዲወጣ ያደርጋል። ሊጡ 2 ወይም 3 ቀን በሚገባ ሲብላላ ግን ይህ ማሰሪያ በብዙ ይፈታል። ስለዚህ እናቶቻችን ሊጡ እስኪበስል በትዕግሥት መጠበቃቸው ለጣዕሙ ሲሉ ብቻ ሊመስለን አይገባም። ለጥድፊያ ሲባል ሳይብላላ የተጋገረ አፍለኛ እንጀራ ከዚህ ጥቅም ይጎድላል።

ይሁን እንጂ ሁለት ነገሮችን አጋንነን እንዳንናገር መጠንቀቅ ይገባናል። የመጀመሪያው፣ እርሾው ውስጥ ያሉት ሕያዋን በምጣዱ ሙቀት ስለሚሞቱ ጥቅማቸው ከመጋገሩ በፊት በሠሩት ሥራ ነው እንጂ በሕይወት ወደ አንጀት በመድረሳቸው አይደለም። ሁለተኛው፣ ጤፍ በብረት የበለጸገ ነው ሲባል ከብረቱ ብዙው በአውድማ ላይ በሚወቃበት ጊዜ ከአፈር የሚደባለቅ ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ብረት ወደ ደም የሚገባው በጥቂቱ ነው። ስለዚህ ነፍሰ ጡር ሴት «የጤፍ እንጀራ እበላለሁና ደም አያንሰኝም» ብላ ከጤና ጣቢያ የሚሰጣትን የብረት እንክብል ልትተው ከቶ አይገባትም። ከምግብ ጋር ወዲያው የሚጠጣ ሻይና ቡናም የብረትን መዋሐድ ስለሚያግድ፣ ቡናው ከገበታ በኋላ አንድ ሰዓት ያህል ቢቈይ የተሻለ ነው። ሎሚ በጎመን ወይም በሰላጣ ላይ ቢጨመቅ ግን በውስጡ ያለው ቪታሚን ሲ ብረቱን ያግዛል።

3ኛ፤ የጾም ማዕድ ምን ይዟል

ጾም ያጎድላል እንጂ አይሰጥም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን በሚገባ የተሰናዳ የጾም ማዕድ ከብዙ የፍስክ ማዕድ ይልቅ ለሆድ የተስማማ ነው።

ሽሮንና ምስርን እንውሰድ። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ጡቦች የተሠራ ግንብ ነው። ጤፍና ገብስን የመሰለ እህል ላይሲን የተባለው ጡብ ያንሰዋል፤ ባቄላ፣ አተርና ሽምብራ ግን ይህ ሞልቷቸዋል፤ የሚያንሳቸው ሜታይኦኒን የተባለው ሲሆን እርሱ ደግሞ በእህሉ ውስጥ ይገኛል። ስለዚህ እንጀራ በሽሮ ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ይህን ኬሚስትሪ ሳይማሩ ሁለቱን በአንድ ገበታ ያገናኙ ሰዎች የሚደነቅ ሥራ ሠርተዋል። ጥራጥሬ ሆዱን የሚነፋው ሰው አስቀድሞ በውኃ ዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበትን ውኃ ደፍቶ፣ በአዲስ ውኃ አብስሎ ይብላው፤ የሚነፋው ስኳር ከውኃው ጋር በብዛት ይሄዳል። እንዲሁም በብቅልት መልክ የተዘጋጀ ጥራጥሬ ለሆድ ይቀላል።

ተልባን ተረታችን «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ብሎ ያቃልለዋል። በሳይንስ ሚዛን ሲታይ ግን የሚናቅ አይደለም። በ100 ግራም ተልባ ውስጥ 42 ግራም ያህል ቅባት ይገኛል፤ ከዚህም ቅባት ከግማሽ የሚበልጠው ለልብና ለደም ሥር የሚስማማው፣ ኦሜጋ 3 የተባለው ወገን ነው። አሰሩም 27 ግራም ያህል ነው። የፍሬው ሽፋን ውኃ ሲነካው የሚያወጣው የሚዝለገለግ ፈሳሽ በአንጀት ውስጥ ውኃ ይዞ ሰገራን ያለሰልሳል። ይህ ጸሐፊ በውጭ አገር በትምህርት ላይ ሳለ ተልባ በካርቶን ታሽጎ፣ በመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ፣ ለሆድ ድርቀት ሲሸጥ አይቷል። በአገራችን ገበያ በቁና የሚሰፈረው ያው ተልባ ነው።

የሆድ ድርቀት ያለበት ሰው የታመሰና የተወቀጠ ተልባ 1 የሾርባ ማንኪያ በ1 ትልቅ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ ጧትና ማታ ቢጠጣ ብዙውን ጊዜ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ጥቅሙን ያያል። ነገር ግን አራት ጥንቃቄዎች አሉት። ውኃ ሳይበዛበት በደረቁ አይበላ፤ በሆድ ውስጥ አብጦ ሊዘጋ ይችላልና። ጥሬ ተልባ መርዝነት ያለው ነገር በጥቂቱ ስላለው መታመሱ አይቅር። የተወቀጠው ብዙ ቀን ቢቀመጥ ቅባቱ ስለሚሻግት በየጊዜው ጥቂት ጥቂት ይወቀጥ። መድኃኒት የሚወስድ ሰውም የመድኃኒቱን መዋሐድ እንዳያዘገይበት በተልባውና በመድኃኒቱ መካከል 2 ሰዓት ያህል ያሳልፍ።

በሶ የመንገደኛ፣ የነጋዴና የዘማች ስንቅ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም። ገብሱ ተፈትጎ፣ ተቈልቶና ተፈጭቶ ስለሚዘጋጅ በሄዱበት ማገዶ ሳያስፈልግ ይበላል፤ ቀላል ነው፤ ቶሎም አይበላሽም። ከዚህም በላይ በገብስ ውስጥ ቤታ ግሉካን የሚባል፣ በውኃ የሚሟሟ አሰር አለ። ይህ ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ደም እንዲገባ ስለሚያደርግ ብርታቱ ረጅም ሰዓት ይቈያል። ስኳር የበዛበት ሻይና ለስላሳ መጠጥ ግን ኃይሉን በአንድ ጊዜ ያፈሳል፤ ወዲያው ደግሞ ይጠፋል። ተማሪም ሆነ ሠራተኛ ረፋድ ላይ ከሚጠጣው ጠርሙስ ይልቅ አንድ ጭብጦ በሶ ይበልጥ ያበረታዋል።

የበሶ አደጋ በዱቄቱ ሳይሆን በሚበጠበጥበት ውኃ ላይ ነው። ዱቄቱ ተቈልቷል፤ ውኃው ግን ካልተፈላ የተቅማጥንና የታይፎይድን ጀርም ይዞ ሊገባ ይችላል። ተልባም እንዲሁ ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ በደጋው አገር ውኃው ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ያህል መቈየት አለበት። ከዚያም በክዳን ተሸፍኖ ይቀዝቅዝ።

4ኛ፤ ጾም የማይስማማቸው ሰዎችና የጨጓራ ሕመም

ጾም ለጤነኛ ሰው ሰውነት የሚከብድ ነገር አይደለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናት፣ ለታዳጊ ሕፃን፣ ለሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛ፣ እንዲሁም ኢንሱሊን ለሚወጋ የስኳር ሕመምተኛ ግን ጉዳቱ የታወቀ ነው። ኢንሱሊኑን ተወግቶ እህል ሳይቀምስ እስከ 9 ሰዓት የሚቈይ ሰው ስኳሩ በድንገት ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ከዚያም አልፎ ሊሞት ይችላል። ቤተ ክርስቲያንም ሕመምተኛውን እንዲጾም አታስገድድም። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሰው አስቀድሞ ከሐኪሙም ከነፍስ አባቱም ጋር ይምከር። የረመዳንን ጾም ለሚጾሙ ወገኖቻችንም ምክሩ ይኸው ነው፤ ሃይማኖታቸውም ለሕመምተኛ ፈቃድ ይሰጣል።

በጾም ወራት ከሁሉ አብልጦ የሚሰማው አቤቱታ «ጨጓራ አለብኝ» የሚለው ነው። በልብ ሥር ማቃጠል፣ ቃርና የሆድ መነፋት ሲሰማ ብዙ ሰው ጥፋቱን በበርበሬው፣ በሽሮው ወይም በጾሙ ላይ ይጥለዋል። እነዚህ የቈሰለውን ጨጓራ ሊያሳምሙት ይችላሉ። ከቍስሉ መነሻዎች ዋነኛው ግን ሌላ ነው። ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ የአውስትራሊያ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1982 ሔሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ ከጨጓራ አውጥተው አሳዩ፤ የጨጓራ ቍስል በአብዛኛው ከዚህ የተነሣ መሆኑም ከዚያ ወዲህ ተረጋገጠ። ለዚህም ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2005 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ሌላው ትልቅ መነሻ አስፕሪን፣ ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌንን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ማዘውተር ነው።

ይህ ዕውቀት ተስፋን ይሰጣል። በጀርም የመጣ ቍስል በጀርም መድኃኒት ይድናልና። እንግዲህ የጨጓራ ሕመም የሚመላለስበት ሰው ፌጦ በሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት በማር እያለ ወራትን አያሳልፍ። ፌጦም ሆነ ነጭ ሽንኩርት የሚያቃጥል ኃይል ስላላቸው ቍስሉን ያባብሱት ይሆናል እንጂ አይነቅሉትም። ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ይመርመር፤ የሚሰጠውንም መድኃኒት ሕመሙ ቀለል አለኝ ብሎ ሳያቋርጥ ይፈጽም። ሰገራው እንደ ሬንጅ የጠቈረ፣ ደም ያስመለሰ፣ መዋጥ ያቃተው ወይም ያለ ምክንያት የከሳ ሰው ግን አንድ ቀን እንኳ ሊዘገይ አይገባም።

5ኛ፤ የፋሲካ ሌሊት

በብዙ ቤት በፋሲካ ሌሊት ከዶሮው ወጥ በፊት ተልባ ይቀመሳል። ይህ ልማድ እጅግ መልካም ነው። የሚዝለገለገው ተልባ ባዶውን ጨጓራ አረጋግቶ፣ የመጀመሪያውንም ርኃብ አስታግሦ፣ በልተኛው በወጡ ላይ እንዳይጣደፍ ያደርገዋል። ልማዱ በከተማ ቤት እየተረሳ ስለ ሆነ እናቶች ለልጆቻቸው ያሳልፉት ዘንድ እናሳስባለን።

ቅቤ የበዛበት ምግብ ወደ አንጀት ሲደርስ የሐሞት ከረጢት ተኰማትሮ ሐሞቱን ያፈሳል። በከረጢቱ ውስጥ ጠጠር ያለበት ሰው በዚህ ጊዜ ከቀኝ ጎኑ ጀምሮ እስከ ትከሻው የሚወጋ ብርቱ ሕመም ሊነሣበት ይችላል። ጤነኛውም ቢሆን ቅባት ከጨጓራ ቶሎ ስለማይወርድ ይከብደዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ማዕድ በመጠን ይሁን። ከወጡ ይልቅ እንጀራው ይብዛ፤ ጎመኑና ሰላጣውም ከገበታ አይጥፋ።

በአገራችን ብዙ አዋቂዎች የወተትን ስኳር የመፍጨት ኃይላቸው ደካማ ነው። ከረጅም ጾም በኋላ ጥሬ ወተት ጠጥቶ ሆዱ የሚጮኽበትና የሚነፋው ሰው ብዙ ጊዜ ከዚህ ወገን ነው። እርጎ ግን ባክቴሪያው ከስኳሩ በከፊል ስለ በላው ይቀላል። ሆኖም እርጎውም ሆነ አይቡ ከፈላ ወተት ይሠራ፤ ያልፈላ ወተት የሳንባ ነቀርሳንና ብሩሴሎሲስን ከከብት ወደ ሰው ያሻግራልና። የተረፈው ወጥም ለረጅም ሰዓት በለብታ አይቀመጥ፤ በተበላ ቍጥር እስኪንተከተክ ድረስ እንደ ገና ይሙቅ።

6ኛ፤ ጥሬ ሥጋና የኮሶ ትል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የኮሶ ትል በሰው አንጀት ውስጥ የሚኖር፣ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር የሚረዝም፣ ከ1000 በላይ ቍርጥራጮች የተቀጣጠሉበት ትል ነው። የሚኖረው በሰው ሆድ፣ የሚያድገው በከብት ሥጋ ነው። ከሁለቱ አንዱ ቢጐድል ዘሩ ይጠፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትሉ ያለበት ሰው በሜዳ ሲጸዳዳ ዕንቍላሉ በሣር ላይ ይቀራል። ከብቱ ሣሩን ሲግጥ ዕንቍላሉ ወደ ሆዱ ይገባል፤ ተፈልፍሎም በደም ተጕዞ ጡንቻው ውስጥ ገብቶ፣ አነስተኛ ነጭ ከረጢት ሆኖ ይቀመጣል። ሰው ያን ሥጋ በጥሬው ሲበላ ከከረጢቱ የወጣው ራስ በአንጀቱ ግድግዳ ላይ ይጣበቃል፤ በ3 ወር ያህል ጊዜ ውስጥም ሙሉ ትል ይሆናል። በፋሲካ የተበላው ቁርጥ በክረምቱ መግቢያ ኮሶ ሆኖ የሚታየው ስለዚህ ነው።

አዋዜና ሚጥሚጣ ወይም በላዩ የተጠጣ አረቄ ትሉን ይገድለዋል የሚሉ አሉ። ይህ ከንቱ ነው። ትሉ በከረጢቱ ውስጥ ተሸሽጎ ስላለ ቅመሙም አረቄውም አይደርስበትም። ለብ ለብ የተደረገ ክትፎም ቢሆን ውስጡ ቀይ ከሆነ አልበሰለም። በቄራ የሚደረገው ምርመራ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ነገር ግን ጥቂት ከረጢት ብቻ ያለበት ሥጋ ከመርማሪው ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። የታመነው መንገድ ሥጋውን ቀይነቱ እስኪጠፋ ማብሰል ነው። ብርቱ ማቀዝቀዣ ያለው ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች በ10 ዲግሪ ከ10 ቀን ላላነሰ ጊዜ ቢያቈየው የትሉ ከረጢት ይሞታል። ነገር ግን ቅዝቃዜ የትሉን ከረጢት እንጂ የአባ ሰንጋንና የሌሎቹን በሽታዎች ጀርም አይገድልም። ስለዚህ ሳይመረመር በየጓሮው የታረደ ሥጋ በምንም መንገድ በጥሬው አይበላ።

7ኛ፤ ስለ ኮሶ መድኃኒት

የኮሶ ዛፍ የደጋችን ጌጥ ነው። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆ፣ ተወቅጦና በውኃ ተበጥብጦ ሲጠጣ ትሉን እንደሚያስወጣ አባቶቻችን በልምድ ደርሰውበታል። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው መጽሐፉ ስለዚሁ ዛፍ ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመትም የአውሮፓ ሐኪሞች አበባውን እያስመጡ ይጠቀሙበት ነበር። ኋላ ግን ከእርሱ የተሻለ ስላገኙ ተዉት። እኛስ ስለ ምን እንይዘዋለን?

የኮሶ ጉዳቱ በምሬቱ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያ፣ ልኩ አይታወቅም። የአንዱ ዛፍ አበባ ከሌላው፣ የዘንድሮው ከአምናው በኃይሉ ይለያያል፤ አንድ እፍኝ ለአንዱ ሰው ሳይበቃ ለሌላው መርዝ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ መጠኑ ሲበዛ ብርቱ ማስመለስንና ተቅማጥን አምጥቶ ሰውነትን ያዝላል፤ የዓይንን ነርቭ ጐድቶ ለዕውርነት የዳረጋቸው፣ ሕይወታቸውንም ያሳጣቸው ሰዎች መኖራቸው በሕክምና ጽሑፍ ተመዝግቧል። ነፍሰ ጡርን ሊያስወርዳት ይችላል። ሦስተኛ፣ ብዙ ጊዜ የትሉን አካል አስወጥቶ ራሱን በአንጀት ውስጥ ይተወዋል። ራሱ ከቀረ ትሉ እንደ ገና ያድጋል። ቀድሞ ሰው በየ2 ወሩ ኮሶ የመጠጣት ልማድ የነበረው ስለዚህ ነው። መድኃኒቱ ቢያድን ኖሮ መደጋገሙ ባላስፈለገ ነበር።

ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ የተባሉ መድኃኒቶች አሉ። በጤና ባለሙያ ትእዛዝ፣ በሰውነት ክብደትና በዕድሜ ተመጥነው አንድ ጊዜ ሲዋጡ ብዙውን ጊዜ ትሉን ከነራሱ ያጠፉታል፤ ከሥራም አያስቀሩም። እንቆቆና መተሬም ቢሆኑ ልካቸው ያልታወቀ በመሆኑ ለእነርሱም ምክሩ ይኸው ነው። ይልቁንም ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡርና ለደካማ ሽማግሌ ኮሶ ማጠጣት ከቶ አይገባም። ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ የፈዘዘበት ወይም ማስመለሱ ያላቋረጠለት ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም ቤት ይወሰድ።

የትሉን ነገር በእፍረት የሚሰውር ሰው ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ያስብ። እርሱ ሲሰውረው ትሉ ዕንቍላሉን በየዕለቱ ይጥላል። በሜዳ ከተጸዳዳም የጎረቤቱን ላም፣ በላሚቱም በኩል የጎረቤቱን ልጅ ይበክላል። ስለዚህ ሽንት ቤት ቈፍሮ በዚያው መጠቀም የበሬውንም የሰውንም ጤና ይጠብቃል፤ ከዚህ የሚበልጥ የኮሶ መድኃኒት የለም።

መደምደሚያ

ከላይ የተነገረውን በአጭሩ እንድገመው። እንጀራው በሚገባ ይብላላ፤ በሽሮና በጎመን ይበላ። ቡናው ከገበታ በኋላ ይቈይ። ተልባው ይታመስ፤ በውኃ ይብዛ። የተልባውና የበሶው ውኃ ይፍላ። ጾም የማይስማማው ሰው ከሐኪሙና ከነፍስ አባቱ ይምከር። የተመላለሰ የጨጓራ ሕመም ይመርመር። ከጾም ወደ ፍስክ የሚደረገው መሻገር በመጠን ይሁን። ሥጋው ይብሰል። ኮሶ የታየበት ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ሽንት ቤት የሌለው ቤት ከሚመጣው በዓል በፊት ይቈፍር።

ከእነዚህ መካከል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ አንድም የለም። አብዛኛው በእናቶቻችን ጓዳ የነበረ ነው፤ የቀረውም በአቅራቢያችን ባለው ጤና ጣቢያ ይገኛል። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» እንደ ተባለው፣ አንባቢ ሆይ፣ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችል ጎረቤትህ አንብብለት፤ ይልቁንም ስለ ኮሶ የተጻፈውን ለሚቀጥለው በዓል በሬ ለሚገዛው ቅርጫ ማኅበር አሰማ።